ሰባት የተርብ ቤት

ባለፈው መስከረም ልጄ ደባርቅ ላይ ከሠራው ቤት ክፈፍ ሥር ተርብ ገባች። ምራቴ ሱቅ ሄዳ የዝንብ መድኃኒት ይዛ መጣች። «ተይ፣ እኔ አነሳታለሁ። ቅል ብቻ ፈልጊልኝ» አልኳት። ሳቀችብኝ። ቅል የሚባል ነገር ቤታቸው የለም፤ ሁሉ ነገር ፕላስቲክ ነው። ራሴ ገበያ ወርጄ አንዲት አፈ ሰፊ ቅል መረጥኩና ስንጥቅ እንዳላት ላይ ብዬ ወደ ፊቴ አስጠጋኋት። ያ የደረቀ፣ መረር ያለ የቅል ሽታ አፍንጫዬ ገባ። እዚያው ከገብስ ሻጮቹ አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ሻጯ «አባ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። ሕመም አልነበረም። እፍረት ነው።

እኔ ትምህርቴ ሁለተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ነኝ። ጽሕፈቴን ላየው ዶሮ የጫረው ይመስላል። ልጆቼ «ንገረን፣ እኛ እንጻፍልህ» ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ይህን በሌላ ሰው እጅ አላስጽፍም።

ነገሩ የሆነው ሶማሌ ድንበር ጥሶ ገባ በተባለ ጊዜ፣ ክረምቱ እንደወጣ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከደባርቅ ዳር፣ መንገዱ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት ከሚታጠፍበት ነው። ሣር ክዳን ነው። ከበራችን በላይ፣ ክዳኑ ሥር፣ ተርብ ቤቷን አንጠልጥላ ወጪ ወራጁን ትነድፍ ጀመር። አባቴ ችቦ አሰረ።

እናቴ «ሰውዬ፣ ተርብ አባርራለሁ ብለህ ቤቱን ልታነደው ነው?» አለችው።

«ታዲያ ልሳማት?»

«ፈንታ፣ ሩጥ፤ እትዬ ድንቅነሽን ጥራ።»

እትዬ ድንቅነሽ ከእኛ በታች፣ ከጅረቱ ዳር የሚኖሩ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ተክለው ገበያ ይሸጣሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ቃል የማያባክኑ። በሰፈሩ ተርብ የገባበት ሰው ሁሉ እሳቸውን ይጠራል። ዋጋ አይቀበሉም። «ለእናንተ ጠላት፣ ለእኔ ዘበኛ ናት» ይላሉ። እውነታቸውን ነበር። ከጎመናቸው መደብ ዳር ቁጭ ብሎ ላየ ሰው፣ ተርቧ ቅጠሉን እየዞረች አረንጓዴውን ትል ትፈልጋለች፤ ስታገኘው ታኝከዋለች፤ እንደ ጥራጥሬ አድቦልቡላ ለልጆቿ ይዛ ትሄዳለች። የሌላው ሰው ጎመን ወንፊት ሲሆን የእሳቸው ጎመን ቅጠሉ ሙሉ ነበር።

ያን ዕለት ቀና ብለው አዩና «ዛሬ አይሆንም። ነገ አመዳዩ ሳይነሳ እመጣለሁ» አሉ።

በማግስቱ ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ሳለ መጡ። አንዲት ቅል፣ አንድ ቁራጭ ጨርቅ፣ ምላጭ፣ ትንሽ ሰም። እናቴ ልትቀርብ ስትል «አንቺ ራስሽን ቅቤ ተቀብተሻል፤ ራቂ፤ ሽታው ያስቆጣታል» አሏት። ለእኔ «ና፣ ቅሉን ያዝ» አሉኝ። ሊያስፈራሩኝ መስሎኝ ነበር። አላስፈራሩኝም።

«እይ፤ ብርድ የያዛት ተርብ እንደ ሰካራም ናት። ታይሃለች እንጂ አትነሳብህም። ትንፋሽህን ግን ያዝ፤ ትንፋሽ ይሞቃል።»

የተርብ ቤት የሚንጠለጠለው በአንድ ቀጭን እግር ነው፣ እንደ ክር። ቅሉን ከሥሯ አስጠግቼ ያዝኩ። እሳቸው እግሩን በምላጭ ቆረጡት። ቤቱ ከነተርቦቹ ቅሉ ውስጥ እንደ ላባ ወደቀ። ጨርቁን ከደኑበት። አለቀ። እኔ ትንፋሼን ይዤ ቆሜ ነበር፤ ፊቴ ጠቁሯል መሰለኝ «አሁንማ ተንፍስ፣ አንተ እምቢተኛ» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ጅረቱን ተሻገርን። «ወንዝ ያልተሻገረ ተርብ ተመላሽ ነው» ይላሉ። ማዶ፣ ከጎመናቸው መደብ አጠገብ ካለው የድንጋይ ካብ ጥላ ሥር፣ ሰሙን በትንፋሻቸው አለስልሰው የቤቱን እግር ለጠፉት። ፀሐይ ስትወጣ ተርቦቹ አንድ ባንድ ክንፋቸውን አራገፉ። የመጀመሪያዋ ስትበር እኔ ያበረርኳት መሰለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅል ያዥ ሆንኩ። ሰው ሲጠራቸው «ፈንታ!» ይላሉ፤ ከመኝታዬ ዘልዬ እወጣለሁ። ትምህርት ቤት ስደርስ እጄ ቅል ቅል ይሸታል። ልጆቹ «የተርብ እረኛ» አሉኝ። ቅጽል ስሙን ወደድኩት።

መስከረም ሊያልቅ ሲል እትዬ ድንቅነሽ ተርቡን ከጎመናቸው አጠገብ መስቀል ተዉ። ጅረቱን ተሻግረው፣ ዳገቱን አልፈው፣ ከገደሉ ሥር ወዳለች ዋሻ ይወስዱ ጀመር። እኔን ከጅረቱ ዳር አቁመው «ከዚህ አትለፍ» ይላሉ። በአንድ እጃቸው ቅሉን፣ ከነጠላቸው ሥር ደግሞ ዳቦ ይዘው ይሄዳሉ። ከሩቅ፣ ከዋሻው አፍ ላይ ቆመው ሲያወሩ አያለሁ። ዳቦውን ይዘው አይመለሱም።

እኔ ምን ብዬ አሰብኩ? ተርብ ዳቦ ትበላለች፤ እትዬ ድንቅነሽም ያነጋግሯታል። በልቤ ተቀየምኩ። ቅል አስይዘውኝ ሲያበቁ፣ ንግግሩን ከእኔ ደበቁት አልኩ።

እናቴን «ተርብ ዳቦ ትበላለች?» ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች። ከዚያ ሳቋ መሃል ላይ ቆመ።

«ይህን ለማን ነገርክ?»

«ለማንም።»

«ለማንም እንዳትናገር። ተርብ ዳቦ አትበላም።»

እንዲህ ተብሎ ዝም የሚል ልጅ አለ? በሚቀጥለው ጊዜ ጅረቱን ተሻግሬ ተከተልኳቸው። ከዋሻው አፍ ላይ የተርብ ቤቶቹ ተደርድረው ተንጠልጥለዋል፣ ሁሉም እኔ የያዝኳቸው። ከእነሱ ኋላ፣ ጨለማው ውስጥ፣ ጋቢ የለበሰ ሰው ዳቦ ይገምጣል። አዱኛ ነው፣ የእትዬ ድንቅነሽ ልጅ። «ጎጃም ለሥራ ሄዷል» ሲሉን የከረሙት። ጺሙ አድጓል።

እሱ ነው ቀድሞ ያየኝ። «አሃ፣ የተርብ እረኛው መጣ! ዛሬ ስንት ወታደር አመጣህልኝ?» አለ።

እትዬ ድንቅነሽ ዞሩ። ይመቱኛል ብዬ ነበር። ትከሻዬን ይዘው ተንበረከኩ፤ ፊታቸው ከፊቴ ጋር እኩል ሆነ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ለሚሊሺያ ይመለመል ነበር። የአዱኛ ታላቅ ቀድሞ ሄዶ ወሬው ጠፍቷል። የቀራቸው እሱ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ በሁለት ቃል ነገሩኝ።

«የቀረኝ ይሄ ነው። በሚካኤል ማል።»

«ሚካኤልን!» አልኩ።

አዱኛም «ይተዉት እናቴ፣ ይሄ ልጅ ከተርቡም ይብሳል፤ ደረቅ ነው» አለ። ከዋሻው ጀርባ ሰው በሆዱ ተስቦ የሚወጣባት ስንጥቅ እንዳለችም አሳየኝ። «ኮሽታ ከሰማሁ በዚህ ወጥቼ ገደሉ አናት ላይ ነኝ። ማን ይደርስብኛል?» ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ትልቅ ሰው ሆንኩ አልኩ።

በጥቅምት ግን ከእትዬ ድንቅነሽ ጋር ተጣላን። ጥፋቱ የእኔ ነው። አንዲት ጠላ ሻጭ ቤት ተርብ ገብታ ጠሩን። እሳቸው እስኪደርሱ አልጠበቅሁም። የሰፈሩ ልጃገረዶች ቆመው ያያሉ፤ በርጩማ ላይ ወጥቼ ብቻዬን ቆረጥኩት። ፀሐይ ወጥታ ነበር። እኔን አልነካችኝም። የሴትዮዋን ሕፃን ግን ከንፈሩ ላይ ነደፈችው። እትዬ ድንቅነሽ ሲደርሱ ሕፃኑ ይጮኻል፣ እኔ ቅሉን ይዤ ቆሜ እስቃለሁ።

ከሰው ፊት «እጅህ ጎበዝ ነው። ልብህ ግን ገና ነው። ከእንግዲህ ቅል አትይዝም» አሉኝ።

ቅሉን ከእጄ ወሰዱት። ልጃገረዶቹ ሳቁ። ሁለት ሳምንት በደጃቸው ሳልፍ ፊቴን አዞርኩ። «እስኪለምኑኝ» አልኩ። አባቴ «ይሄ ልጅ ድንጋይ ነው» ይል ነበር፤ እኔ ምስጋና ይመስለኛል።

ኅዳር ሲገባ የአብዮት ጥበቃ ሰዎች የተደበቀ ጎረምሳ ፍለጋ ገደላ ገደሉን ያስሱ ጀመር። አለቃቸው ጓድ ታደለ ይባላል፤ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው። በጠራራ ፀሐይ ዋሻዋ አፍ ላይ ደርሶ ራሱን አስገባ። ሰባት ቤት ተርብ ወረደበት። ከተማ ሲመለስ ፊቱ ድፎ ዳቦ አክሏል፤ አንድ ዓይኑ በእብጠቱ ተውጦ የለም። ሕፃናቱ «ጓድ ድፎ» ብለው ሰየሙት። እናቴ ከሳቋ ብዛት ሆዷን ይዛ ተቀመጠች። እትዬ ድንቅነሽ አልሳቁም ብላ ነገረችኝ።

በሦስተኛው ቀን ማምሻውን ከሰፈሩ ልጆች ጋር ወፍጮ ቤቱ ደጅ ቆመናል። ጓድ ታደለ ለጓደኞቹ ሲናገር ሰማሁ። «እንደዚያ ተሰብስባ አይቼ አላውቅም። ያለ ነገር አይደለም። ነገ በናፍጣ አነዳታለሁ።»

ልቤ ዘለለ። እውነቱን ልናገር፤ ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። መጀመሪያ የዘለለው ለአዱኛ አልነበረም። ለተርቦቹ ነው። ሰባቱንም በእጄ ነው የተሸከምኳቸው። የማን ቤት ክፈፍ ሥር እንደነበሩ አንድ ባንድ አውቃለሁ።

«ጓድ፣ አያቃጥሏት። እኔ አነሳታለሁ» አልኩ።

«አንተ? ማነህ አንተ?»

አንዱ ልጅ «የተርብ እረኛ ነው!» አለ። ሰው ሳቀ።

«ጠዋት፣ በብርድ። ያለ እሳት። አንዲትም አትነድፍዎትም» አልኩ።

ጓድ ታደለ በአንድ ዓይኑ ብዙ አየኝ። ከዚያ ቆቡን አውልቆ ራሴ ላይ ደፋልኝ። እስከ ጆሮዬ ወረደ። «እንዲህ ያለ ልጅ ነው የሚያስፈልገን» አለ። ቆቡን መልሶ እስኪወስደው ድረስ ሰው ሁሉ እኔን ያይ ነበር።

ሐሳቤ እንዲህ ነው። ጠዋት ከእነሱ ቀድሜ እሄዳለሁ፣ ለአዱኛ እነግረዋለሁ፣ በስንጥቋ ይወጣል፣ እኔ ተርቦቼን አነሳለሁ፣ ዋሻዋ ባዶ ትገኛለች፣ አዱኛም ተርቦቹም ይተርፋሉ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ወደ ቤት ስመለስ በእትዬ ድንቅነሽ ደጅ አለፍኩ። ነጭ ሽንኩርት እየጎነጎኑ ነበር፤ አቀርቅረዋል። የእግሬን ኮቴ ሰምተው «ማነው?» አሉ።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ገና ሳይመሽ ደርሰው ያስወጡት ነበር። ግን ቅሌን ወስደውብኛል። «ነገ ሁሉን በራሴ ሠርቼ ሲሰሙ ያፍራሉ» አልኩ። ዝም ብዬ አለፍኩ።

ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ እነ ጓድ ታደለን ደጃችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሦስት ናቸው፤ አንዱ ጠመንጃ ይዟል። ሰባት ቅል ከየት እንደሰበሰቡ እንጃ። እናቴ በሩን በሰውነቷ ዘግታ ትናገራለች።

«ልጄ ታሟል። ሌሊቱን ትኩሳት ሲያቃጥለው ነው ያደረው። አይነሳም።»

እኔ ከውስጥ ሆኜ ጮህኩ፤ «ምንም አልሆንኩም!»

ዞራ አየችኝ። ያን ፊት እስከ ዛሬ አየዋለሁ። ምን እንደምትል አልገባኝም፤ ከተርብ ሥራዬ ልታስቀረኝ መሰለኝ። ልብሴን ጣል አድርጌ፣ ምላጭ፣ ጨርቅና ሰም ይዤ ከሰዎቹ ፊት ፊት ሄድኩ።

አመዳዩ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። ዋሻዋ ለመድረስ ሃያ ርምጃ ሲቀር ጓድ ታደለ ቆመ፤ ፊቱ ገና አልዳነም። በሹክሹክታ «አንተ ቅደም። እኛ እዚህ ነን» አለ። ባዶዎቹን ቅሎች በገመድ አንጠልጥዬ ብቻዬን ሄድኩ። ማንም እጄን አልያዘም። ማንም ጠመንጃ አልደቀነብኝም።

ቤቶቹ በብርዱ ደንዝዘው ተርቦቹ እላያቸው ላይ ተለጥፈዋል። የመጀመሪያውን ቅል አስጠግቼ ያዝኩ። ውስጡ ጨለማ ነው። አዱኛ እንዲነቃ አንዴ መሳል ይበቃኝ ነበር። ቅሉን ብለቀው ይበቃኝ ነበር፤ ቅል ድንጋይ ላይ ሲሰበር በጠዋት አየር ጅረቱ ማዶ ይሰማል። «ይችን ላንሳና» አልኩ። አነሳሁ። አንዲትም ተርብ ክንፏን አላንቀሳቀሰችም። ከኋላዬ ጓድ ታደለ «አይ እጅ!» ሲል ሰማሁ። «ሁለተኛዋን ላንሳና» አልኩ። ትንፋሼን ያዝኩ። እንደዚያ ቀን እጄ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ሦስተኛዋን። አራተኛዋን። ስድስተኛዋ ላይ ስደርስ አሁን ብጮህ ሥራዬ ይበላሻል የሚል ሐሳብ መጣብኝ። እንዲህ ነው ያሰብኩት። ሰባተኛዋን ቆረጥኩና ከደንኳት።

በአጠገቤ አልፈው ገቡ። ጩኸት አልነበረም። አዱኛን በጋቢው እንደተጠቀለለ ይዘውት ወጡ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ቅሎቹን አየ።

እሱን ወደ ከተማ፣ መኪናው ወደቆመበት ወሰዱት። እኔ ምን አደረግሁ? ሰባቱን ቅል ሁለት ሁለት እያልኩ ወደ ጅረቱ ዳር አወረድኩ። ከድንጋዩ ካብ ሥር ቁጭ ብዬ ሰም አለሰለስኩ። ሰው ተይዞ ሲሄድ እኔ ተርብ እሰቅል ነበር። የመጨረሻዋን ስለጥፍ ፀሐይ ወጣች፤ ከኋላዬ የሰው ጥላ ወደቀ።

እትዬ ድንቅነሽ ናቸው። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወድቋል። ከመኪናው መንገድ ነው የመጡት፤ መኪናው ሄዷል። ተርቦቹን ብዙ ጊዜ ቆመው አዩ።

«አንዲትም አልሞተችም?»

«አልሞተችም።»

አጠገቤ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። እጄን ያዙ፤ እጃቸውን ብርድ ይዞት ነበር። «አስገድደውህ ነው፣ አይደል ልጄ?»

«አዎ» አልኩ።

ይኸው ወሬ በሰፈሩ ቀረ። «ሕፃኑን በጠመንጃ አስገድደው» ተባለ። እናቴ እውነቱን ታውቃለች፤ ትንፍሽ አላለችም። ሴቶቹ ሲያዩኝ ራሴን ይዳብሱኝ ጀመር።

ከፋሲካ በኋላ ደብዳቤ መጣ። እትዬ ድንቅነሽ ይዘውት እኛ ቤት መጡ። «ፈንታ ያንብብልኝ። ከሌላው ሰው እሱ ይሻለኛል» አሉ። የአዱኛ እጅ ጽሕፈት ነው፤ አራተኛ ክፍል ደርሶ ነበር። ከማሠልጠኛ ነው የጻፈው። ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ደኅና መሆኑን፣ እህል መጥገቡን፣ ወደ ምሥራቅ ሊሄዱ መሆኑን። ከዚያ አንዲት መስመር ላይ ደረስኩ።

«ያን ጠዋት ነቅቼ ነበር። ከደጅ ኮሽታ ሰምቼ ልወጣ ስል ፈንታን አየሁት፤ እርስዎ የላኩት መስሎኝ ተመልሼ ተኛሁ።»

ዓይኔ አነበባት። አፌ አላነበባትም። «ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በሉልኝ» ወደምትለው ዘለልኩ። እናቴ ምጣዱ ዘንድ ቆማ ታየኛለች።

እትዬ ድንቅነሽ አለቀሱ፤ አመሰገኑኝ። በእሑዱ መጥተው ደግሜ እንዳነብ ለመኑኝ። በሚቀጥለውም እሑድ። ሌላ ደብዳቤ አልመጣምና ያችኑ ነው የማነበው። መጨረሻ ላይ ወረቀቱን ሳላይ በቃሌ እወጣው ነበር፤ መስመሯንም ሳላይ እዘላታለሁ።

አንድ እሑድ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። ፊደል አያውቁም። ቦታውን ግን አልሳቱም።

«እዚህ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ትንፋሽህን ትይዛለህ። ለምንድን ነው?»

«ቀለሙ ፈሶበት አይነበብም» አልኩ።

ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አቅንተው አዩት። ቀለሙ አልፈሰሰም፤ ንጹሕ ነው፤ ይህን ለማየት ፊደል ማወቅ አያስፈልግም። አጠፉት፣ ከመቀነታቸው ቋጠሩት፣ «ይሁን» ብለው ተነሡ።

ከዚያ ወዲህ አንብብልኝ ብለውኝ አያውቁም። በሰፈራችን ሌላ የሚያነብ ሰው ነበረ። ለእሱም አልሰጡትም።